መቶ ሰማንያ ጥይት

“አናውቃትም ብለን መለስነው” አሉ እትዬ ማሚቴ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። “አራታችንም። አንድ ቃል አልተዛነፍንም።”

ሪሀና የመኪናዋን በር ከፍታ አንድ እግሯን ብቻ እንዳወጣች ነው የደረሱባት። ከንጋት ጀምሮ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ስታደርግ ውላ ወገቧ እንጨት ሆኗል። ልብስ ለመቀየር አሥር ደቂቃ፣ ምሳ ለመቅመስ አሥር ደቂቃ ብላ አስልታ ነበር የመጣችው።

“ማንን ነው የመለሳችሁት?”

“ሰውየውን ነዋ! ሽበታም ነጭ፣ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ደብተር የያዘ። በር በበር እየዞረ ‘ሪሀና የምትባል ልጅ ታውቃላችሁ? ስንት ጊዜ ኖረች? ከማን ጋር ትውላለች? ትጠጣለች ወይ?’ ይላል። ትጠጣለች ወይ አለኝ እኮ! አንቺን!” እትዬ ማሚቴ የኮሮና ጭንብላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ከሪሀና ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ የሕንጻውን ወጪና ገቢ ከመስኮታቸው የሚቆጣጠሩ ሴት ናቸው። “‘ኖ ሪሀና ሂር’ አልኩት። ገነትም እንደዚሁ። ከላይ ያሉት ባልና ሚስትማ በሩንም አልከፈቱ፤ በመስኮት ‘ኖ፣ ኖ’ ብለው ሸኙት።”

ሪሀና ሁለተኛውን እግሯን ማውጣት ረሳች።

“እትዬ ማሚቴ፣ ሰውየው የመጣው ለሥራዬ ነው! አድራሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የምታመን ሰው መሆኔን ጎረቤት ጠይቆ ሊያረጋግጥ ነው።”

“ለሥራ ከሆነ ዲግሪሽን አያይም? ጎረቤት ምን አገባው?”

“ሕጉ ነው።”

“እኛም ሕግ አለን” አሉ እትዬ ማሚቴ፣ ፈገግታቸው እየጠፋ። “የመንግሥት ሰው ስም ጠርቶ ደጅ ሲቆም መልሱ ‘አላውቅም’ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ወንድሜን ሲወስዱት የቀበሌው ሰውዬ እንዲሁ በፈገግታ ነበር የጠየቀን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።”

ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ሕንጻ ኖራ፣ የእትዬ ማሚቴን የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሁሉ አንብባና ሞልታ፣ የገነትን ልጅ ሒሳብ አስጠንታ፣ ዛሬ በአራት ምስክር ፊት የሌለች ሰው ሆነች። መናደድ አማራት። ግን ንዴቱ ከመድረሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ቀደመው።

“ጋሼ ዘውዴንስ አግኝቷቸዋል?”

እትዬ ማሚቴ ግራ ቀኝ አዩ። የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ ቢሆንም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እኔም ልነግርሽ የመጣሁት ይህንኑ ነው። እሱ ቤት ገባ። ደጅ ላይ አይደለም፣ ገባ ነው የምልሽ! ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ሃምሳ ደቂቃ። ሳቅም ይሰማ ነበር።”

“ሳቅ?”

“የሁለቱም። ምን እንደነገረው እንግዲህ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁ። ነግሬሽ ነበር! በዚህ ወቅት፣ አገር በጦርነት እየታመሰ፣ ከአገር ቤት አየር ኃይል ሰው ጋር ላውንድሪ ቤት ቆማችሁ ስለ አውሮፕላን መድፍ ስትጯጯሁ ሰው ምን ይበል? ግማሹ አንቺን ለእነሱ ትሠራለች ይላል፤ ግማሹ እሱን ለእነዚያ ይሠራል ይላል።”

“እነሱ እነማን ናቸው?”

“እኔ በምን አውቄ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስላልሰማሽ ነው የነገርኩሽ።”

የሪሀና ስልክ ነዘረ። መርማሪው ሚስተር ሃልተን ነበር። “አሥር ተኩል ላይ እንደተባባልነው ላይብረሪው ውስጥ እንገናኝ። ያልተጣጣሙልኝ ነገሮች ስላሉ ሰፋ ያለ ጊዜ ይዘሽ ነይ” ይላል። አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቷታል።

ሥራው ዴይተን ከተማ አጠገብ ነው። ኩባንያው ለአየር ኃይሉ በኮንትራት የተኩስ ሙከራ ውጤቶችን ይተነትናል። ሪሀና የምትገባበት ቡድን ደግሞ አንድ ክርክር ላይ ቁጥር የሚያቀርብ ነው፤ የአዲሱ ተዋጊ ጄት መድፍ፣ መሬት ላይ ከጠላት ጋር ተናንቆ ያለ ወታደርን ተጠግቶ ለመደገፍ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ላይ። የቅጥር ደብዳቤው ደርሷታል። ምስጢር የመያዝ ፈቃድ ካላገኘች ግን ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቃ አሥራ አራት ወር ሙሉ ካርቶን ላይ ባርኮድ ስታነብ የቆየችው ያንን ፈቃድ ስትጠብቅ ነው። ኩባንያውም መጠበቅ ሰልችቶት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሳካ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ባለፈው ሳምንት አሳውቋታል።

ፎርሙን ስትሞላ ሁሉንም በትክክል ጽፋለች ማለት ይቻላል። ደሴ ያሉትን አክስቶቿን፣ ጂዳ ያለውን የአጎቷን ልጅ፣ ሁሉንም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ጣቷ የቆመው፦ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ፣ በቅርብ ሳታቋርጪ የምትገናኚው ሰው አለ? የሚለው ጋ። ጋሼ ዘውዴ ትዝ አሏት። ጎረቤት እንጂ ምን ናቸው ብላ አለፈቻቸው። እንዲህ ብላ ራሷን ታሳምን እንጂ ያለፈቻቸው በሌላ ምክንያት ነው። “የሌላ አገር አየር ኃይል፣ የአውሮፕላን መሣሪያ አስታጣቂ” ብላ ስትጽፍ አንድ የማታውቀው ሰው ቅንድቡን ሲያነሳ ታይቷት ነው።

አሁን ያ ሰው ሃምሳ ደቂቃ እቤታቸው ተቀምጦ ሄዷል።

ከጋሼ ዘውዴ ጋር ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በጋ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ላውንድሪ ቤቱ ውስጥ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ከሪከንባከር አየር ማረፊያ አቅጣጫ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ጋሼ ዘውዴ ቀና ሳይሉ፣ ካልሲያቸውን እያጣመሩ፣ “ኤ ቴን” አሉ። ሪሀና በመስኮት አይታ ልክ መሆናቸውን አረጋገጠች፤ ቀጥላም ጡረታ ሊያስወጡት የታሰበ አሮጌ የጦር አውሮፕላን መሆኑን ነገረቻቸው። ካልሲው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ያለ ክርክር አልፎ አያውቅም።

“መቶ ሰማንያ ጥይት!” ይላሉ ጋሼ ዘውዴ፣ የማጠቢያውን ክዳን በመዳፋቸው እየመቱ። “ኤ ቴን ከሺህ በላይ ይዞ ይወጣል። ይሄ የእናንተው አዲሱ ጄት መቶ ሰማንያ! ሦስት ሰከንድ ተኩሶ ወደ ቤቱ! ይሄ ድጋፍ ነው ወይስ ስንብት?”

“እርስዎ ያስታጥቁት የነበረው ሚግ ሁለት መቶ አልነበረም እንዴ የሚይዘው? የሃያ ጥይት ልዩነት ነው።”

“ለዚህ አይደል የማውቀው!”

“አሮጌው ዝቅ ብሎ ሲያዘግም በትከሻ የሚተኮስ ሚሳኤል ያወርደዋል። አዲሱ ከሩቅ ያያል፣ በቦምብ ይጨርሳል። መድፉ የመጨረሻ አማራጭ ነው።”

“ወታደሩ ከጠላት ጋር ሃምሳ ሜትር ላይ ሆኖ ሲታኮስስ? ቦምቡን የት ላይ ነው የምትጥይው፣ ኢንጂነሯ? ደግሞ መድፉን ግራ ትከሻው ውስጥ ቀብረው መዝጊያ አበጁለት። መዝጊያው ሲከፈት ንፋሱ አፍንጫውን ያዞረዋል።”

“ሶፍትዌሩ ያርመዋል።”

“ሶፍትዌር!” ይላሉ፣ ስድብ እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ መጥረጊያውን አንስተው፣ አውሮፕላን በክሪክ ተነስቶ መድፉ ከዒላማ ሰሌዳ ጋር እንዴት እንደሚገጣጠም ያሳያሉ። አንዲት የጸጉር ያህል ስህተት እዚህ ጋ፣ እዚያ ማዶ ስንት ሜትር እንደምትሆን። ሪሀና ያንን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቀመር ተምራዋለች፤ በመጥረጊያ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ያሉትን ትጽፍ ነበር። ስለምን እንደምትጽፍ አልነገረቻቸውም። ስለ ሥራውም አልነገረቻቸውም።

ዛሬም በቀጥታ ሄዳ ላውንድሪ ቤት አገኘቻቸው። ኦቤትስ ያለ አንድ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ናቸው፤ የሥራ ሸሚዛቸውን ከማድረቂያው እያወጡ ያጥፋሉ። ከስልሳ ያለፉ ናቸው፣ እጃቸው ግን እንደ ወጣት ፈጣን ነው።

“ሃምሳ ደቂቃ” አለች ሪሀና፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ማጠፋቸውን አላቆሙም። “ማሚቴ ሰዓት ይዛለች ማለት ነው።”

“ምን አሉት?”

“እስቲ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ሰውየውን ማነው የላከብኝ?”

“በእርስዎ ላይ?”

“ዓመት ሙሉ ጠየቅሽኝ” አሉ ጋሼ ዘውዴ። ድምፃቸው የቅዳሜው ድምፅ አልነበረም። “ስንት ጥይት ይጫናል፣ ስንቱ ሳይተኮስ ይመለሳል፣ ማን ይቆጥራል፣ ማን ይፈርማል። ልጅ ናት፣ ማወቅ ትወዳለች አልኩ። ዛሬ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ደጄ ቆሞ ስምሽን ይጠራል። ለዜግነት ኢንተርቪው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረኝ! አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?”

ሪሀና ልትስቅ ቃጣት፤ አልሆነላትም። እየጠረጠረቻቸው መጥታ ራሷን ተጠርጥራ አገኘችው። ይብስ ያለው ደግሞ ጥርጣሬያቸው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

“ለሥራዬ ነው የመጣው” አለች።

“የምን ሥራ?”

“የመድፉ።”

እጃቸው ሸሚዙ ላይ ቆመ። “የቱ መድፍ? ይሄ መድፍ?”

“ይሄው። የሙከራውን ቁጥር የሚተነትን ቡድን ውስጥ ነው።”

“እንግዲያው እያጠናሽኝ ነበራ።”

“መጀመሪያ ላይ አይደለም።”

“በኋላስ?”

ሪሀና ወደ ማጠቢያዎቹ ዞረች። አንድ ማጠቢያ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ብርድ ልብስ እየተንከባለለ ነበር።

“ሰዓት የለኝም፣ ጋሼ ዘውዴ” አለች በመጨረሻ። “ምን እንዳሉት ይንገሩኝ።”

ሸሚዙን አስቀመጡት። “አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር አለኝ። አየር ኃይል አልኩት። ለኢሚግሬሽንም ጽፌዋለሁ፣ የምደብቀው አይደለም። ‘እኔም አየር ኃይል ነበርኩ፤ የኤ ቴን መካኒክ’ አይለኝም? ምን ላድርግ? ግባ አልኩት። ደግሞ እኮ የአዲሱ ጄት መድፍ ይበቃል ባይ ነው! የኤ ቴን መካኒክ ሆኖ! እንጀራውን የበላበትን አውሮፕላን ሲክድ ዝም ልበለው?”

“እና ተከራከራችሁ።”

“አሸነፍኩት።”

“ስለ እኔስ?”

ጋሼ ዘውዴ ወደ በሩ አዩ። “ሊወጣ ሲል ጠየቀኝ። ‘ከሪሀና ጋር ስለዚህ ጉዳይ አውርታችሁ ታውቃላችሁ?’ አለኝ። ‘ከሪሀና ጋር? ከሰላምታ አልፈን አናውቅም’ አልኩት።”

“ዋሹ?”

“አንቺ ስለ ሥራሽ ብትነግሪኝ ኖሮ…”

“ጌታን የተቀበሉ ሰው አይደሉም እንዴ? እሑድ እሑድ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት?”

“ረዓብም ዋሽታለች” አሉ ቶሎ ብለው፤ ነገሩን ቀድመው ያሰቡበት ይመስላል። “ሰላዮቹን ጣሪያዋ ላይ ደብቃ ‘ሄደዋል’ ብላለች። እግዚአብሔርም ጽድቅ አድርጎ ቆጠረላት።”

“እኔ ሰላይ ነኝ?”

“እኔ በምን አውቃለሁ? ይህንን ስላላወቅሁ አይደል የዋሸሁት!”

ሪሀና የማጠቢያው ክዳን ላይ ተደገፈች። ስትናደድ አእምሮዋ እንደ ቀመር መደርደር ይወዳል፤ አሁንም ደረደረ።

“ሰውየው አላመንዎትም” አለች። “አራት ጎረቤት ጭራሽ አናውቃትም ብሎታል። አምስተኛው ስለ መድፍ ሃምሳ ደቂቃ አውርቶ ሲያበቃ፣ መድፍ ላይ ልትሠራ ያመለከተችውን ልጅ ከሰላምታ አላልፍም አለው። አንድ ሕንጻ ውስጥ። እርስዎ ቢሆኑ ያምናሉ?”

ትንሽ አሰቡ። “አላምንም” አሉ።

“ፎርሙም ላይ አልጻፍኩዎትም። አሁን ሁለታችንም ተነጋግረን የደበቅን መሰልን። ጠላት እኮ አልነካኝም፤ የወገን ተኩስ ነው የመታኝ።”

“በዚህ ቃል አትቀልጂ።”

አባባላቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ሪሀና ቀና አለች።

“በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ሰሜን” አሉ ጋሼ ዘውዴ። “ከበረራ ሲመለሱ የተረፈውን ጥይት አውርጄ መቁጠርና መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ስልሳም፣ ሰማንያም ይተርፋል። ያን ቀን አንዱ ሲመለስ ከፈትኩት፤ ባዶ። ሁለት መቶውንም በአንድ ምልልስ ጨርሶታል። አብራሪው ከክንፉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ‘የእኛ ነበሩ’ አለኝ። ሌላ አልተናገረም። አለቃዬ መጥቶ ‘ዒላማ ተመታ ብለህ ጻፍ’ አለ። ጻፍኩ። ፈረምኩ። የሞተውን ቁጥር እኔ አላውቅም፤ የጥይቱን ግን አውቃለሁ።” ያስቀመጡትን ሸሚዝ በመዳፋቸው ደለደሉ። “ጥቂት ጥይት የያዘ ሰው ይቸኩላል። ወታደር የሚፈልገው ዝግ ብሎ፣ ሁለቴ ዞሮ የሚያይለትን ነው። በቃ ክርክሬ ይኸው ነው። በሶፍትዌር የሚታረም አይደለም።”

ሌላ ቀን ቢሆን ሪሀና ለዚህ የሚመጥን ነገር ባትናገር እንኳ ዝም ትል ነበር። ዛሬ ግን የመጣላት ሐሳብ ክፉ ነው። ለምን አሁን? አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲከራከሯት ያላወጡትን፣ እሷ ሰዓቷን እያየች ባለችበት ደቂቃ ለምን? እንድታዝንላቸው? አዝናም “ሰላምታ ብቻ” እንድትልላቸው? የዓይናቸውን እርጥበት አየች፤ እርጥበቱን ማመን ፈልጋ አቃታት።

“ይህንን ለሃልተን ነግረውታል?”

“ለማንም ነግሬ አላውቅም።”

“የዜግነቱ ኢንተርቪው ላይ ቢጠይቁዎትስ?”

“ከጠየቁኝ እመልሳለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።” ወደ እሷ ዘወር አሉ። “አሁን ምን ልትዪው ነው?”

“እውነቱን።”

“አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፣ ሪሀና። ለመንግሥት ሰው ዋሸ ብለው ፋይሌ ላይ ቢጽፉስ? አንቺም ‘ሰላምታ ብቻ’ ካልሽ ሁለታችንም እናልፋለን።”

“እኔ አላልፍም።”

“በምን አወቅሽ?”

“በምንም አላውቅም! ግን መዋሸት አልችልበትም፤ ይታወቅብኛል።” ቁልፏን አነሳች። “ካርዱን ሰጥቶዎታል አይደል? ይደውሉለት። ‘ፈርቼ ነው፣ ተሳስቻለሁ’ ይበሉት። እርስዎ ከቀደሙ እርማት ነው። እኔ ከቀደምኩ ውሸት ሆኖ ይቀራል። አርባ ደቂቃ አለዎት።”

“ታዝዢኛለሽ እንዴ?”

“መንገር ነው እንጂ ማዘዝ አይደለም።”

በሩ ላይ ደርሳ ዘወር አለች። ጋሼ ዘውዴ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር። ሊደውሉ ይሁን ሰዓት ሊያዩ ግን አልለየችም።

ላይብረሪው ውስጥ ሚስተር ሃልተን በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ይዞ ጠበቃት። ጭንብሉ ከዓይኑ በታች ያለውን ፊቱን ሁሉ ሸፍኖታል፤ የሚነበብ ነገር አልተረፈውም። መታወቂያዋን አየ። አድራሻዎቿን በቅደም ተከተል ጠየቃት። ጉዞ፣ ዕዳ፣ ሐሺሽ፣ መጠጥ። ስለ መጠጥ ሲጠይቃትም ስለ አክስቶቿ ሲጠይቃትም ድምፁ አንድ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። መጀመሪያው ላይ አንዴ ነዘረ፤ ሰውየው አገላብጦ አየውና መልሶ ደፋው። ሪሀና ከዚያ በኋላ ስልኩን ሳታይ መመለስ የቻለችው ጥያቄ የለም።

“ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ ባልሽው ሕንጻ ውስጥ” አለ ሃልተን “አራት ሰው ጠይቄ አራቱም አያውቁሽም።”

“ያውቁኛል” አለች ሪሀና። “የካዱት ስለሚያውቁኝ ነው።”

“አልገባኝም።”

የቤት ኪራይ ውሏን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ያለውን፣ አወጣችለት። ከዚያ በአጭሩ አስረዳችው፤ እነዚህ ሰዎች ባደጉበት ዘመን የመንግሥት ሰው ደጅ መጥቶ የአንድን ሰው ስም ከጠራ፣ ያ ሰው ላይመለስ ይችል እንደነበር። የሚወዱትን ሰው አላውቀውም ይላሉ አለችው። ሃልተን እስክሪብቶውን አቁሞ ሰማት። “እንግዳ ነገር ነው” አለ፤ ጻፈ። አምኗት ይሁን እንግዳነቷን መዝግቦ ይሁን አልገባትም።

ከዚያ ገጽ ገለጠ።

“ሚስተር ዘውዴ ደግሞ ከሰላምታ በላይ እንደማያውቁሽ ነግረውኛል። ልክ ነው?”

ደውለውለታል? ደውለው ከሆነ ይህ ሰው መልሱን ይዞ እየፈተናት ነው። ካልደወሉ ደግሞ ጋሼ ዘውዴን ወደ ገደል የምትገፋው እሷ ራሷ ናት፤ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው። ዓይኑን አየች። ስለ መጠጥ ሲጠይቃት የነበረው ያው ዓይን ነው። ቅድም የነዘረው ጥሪ የእሳቸው ሊሆን ይችላል፣ የሚስቱም ሊሆን ይችላል።

ሃልተን ዝምታዋን አየ። “ብዙ ሰው ጎረቤቱን በደንብ አያውቅም” አለ ለስለስ ብሎ። “እንደዚያ ከሆነ እንደዚያው እጽፋለሁ። ወደሚቀጥለው እናልፋለን።”

ለስላሳነቱ ይበልጥ አስጠረጠራት። “አዎ” ማለት አንድ ቃል ነው። ሃልተን በእጁ ከልካይ የሌለው መውጫ እያሳያት ነው፤ ወይም ወጥመድ።

“ልክ አይደለም” አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

“ፎርሙ ላይ መጻፍ ሲገባኝ ያልጻፍኩት ሰው አለ። እሳቸው ናቸው። አውቄ ነው የተውኩት። ከባለፈው ዓመት ጀምሮ በየቅዳሜው እንገናኛለን፤ ስለ መድፉ እንከራከራለን። የምንከራከርበት ሁሉ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፣ ማስታወሻዬን ላሳይዎት እችላለሁ። እሳቸው የዋሹት እውነቱ እኔን ይጎዳል ብለው ፈርተው ነው።”

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከተናገረች በኋላ ነው የሰማችው። ለእሷ ነበር የፈሩት ወይስ ለራሳቸው? አታውቅም። አላረመችውም።

ሃልተን አልተገረመም። አለመገረሙ ከስልኩ ይሁን ከሥራው ብዛት ምንም ምልክት አልሰጣትም። አዲስ ገጽ አወጣ።

“በምን ልመዝግባቸው?” አለ። “ጎረቤት፣ የምታውቂው ሰው፣ ወይስ ጓደኛ?”

ሪሀና ፎርሙን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጎረቤት ካለች አንድ መስመር ነው። የምታውቀው ሰው ካለች ሁለት። ሦስተኛው ግን ሌሎች ገጾች ይከፍታል፦ መቼ ተዋወቃችሁ፣ በየት አገር ጦር፣ በምን ማዕረግ፣ ምን ያህል ቅርብ። የሚጣራው ይበዛል፤ ወሩ ደግሞ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።

ሃልተን ቀና ብሎ አያት።

“ጓደኛ” አለች። ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀችና የጋሼ ዘውዴን ስም ፊደል በፊደል ትነግረው ጀመር።